የሌባ ዳዶ መፍቻ

ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በዚህ ከተማ ሰው ሲሸነፍ ነው የሚወራለት፣ ሲያሸንፍ አይደለም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሱቄን ስከፍት፣ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለሰው ሁሉ የሚነዳው ማርሹ በውጭ የተንጠለጠለ ብስክሌት ነበር። ሰንሰለቱ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየዘለለ፣ ጭቃ እየበላ፣ ዝናብ እየጠጣ፣ ግድግዳ ላይ ባስደገፉት ቁጥር እየተጣመመ። ዛሬ ከድልድዩ ወዲህ ካሉት ነርሶች፣ አስተማሪዎችና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚነዱት የውስጥ ማርሽ ነው። ማርሹ በኋላ ጎማ መሀል፣ ሞዞ በሚባለው ክብ ብረት ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ተዘግቶ ይኖራል። ጭቃ አያየውም፣ ዝናብ አያገኘውም። መብራት ሲይዝህ እግርህን መሬት አስነክተህ፣ እንደቆምክ ማርሽ ትቀይራለህ። ሰንሰለቱ ወዲያና ወዲህ ስለማይል ከዳር እስከ ዳር ይሸፈናል፤ ሱሪ አይበላም፣ ቀሚስ አያበላሽም። በዓመት አንድ ቀን ዘይቱን መቀየር ነው፤ በቃ።

ይህን ሁሉ በአሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ፣ አሳትሜ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር በትኛለሁ። የተቃወመኝን አልማርኩም። «ክብደቱስ?» ያለኝን የሒሳብ ሠራተኛ «መጀመሪያ ቦርጭህን አቅልል» ብዬው ሁለት ዓመት አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው መጥቶ ገዛ። «ጉልበት ይሰርቃል» ያለኝን የስፖርት መምህር ከመቶ ስንት እንደሚሰርቅ በሰው ፊት ጠይቄው ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ቀረ። ቀድሞ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ። ከዚያም የለቀቅኩት ለርዕሰ መምህሩ የማያውቀውን ነገር እንደማያውቀው በስብሰባ ላይ ስለነገርኩት ነው። አልጸጸትበትም።

ባሸነፍኩ ጊዜ ግን ሱቄ ባዶ ሆነ።

ይህን ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ እኔም በአሥራ ሁለቱ ገጽ ውስጥ አልጻፍኩትም። በዓመት አንዴ ብቻ የሚነካ ብስክሌት የሠራህለት ሰው፣ በዓመት አንዴ ብቻ ያይሃል። ግድግዳዬ ላይ መፍቻዎቼ በቁመት በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ወለሌ ንጹሕ ነው። ለደንበኛ ያዘጋጀኋት ወንበር አሁንም አዲስ ናት።

ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ፣ የውጭ ማርሽ የሚጠግን ሰው አለ። ሰው ሁሉ «ሳቂታው» ይለዋል። የእሱ ደንበኞች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ዛሬ ሰንሰለቱ ወልቆ፣ ነገ ማርሹ አልገባ ብሎ፣ ከነገ ወዲያ አንዱ ነገር ተጣሞ። በሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀምጧል። እዚያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ አማቶቻቸውን ያማሉ፣ የልጆቻቸውን ውጤት ይጠያየቃሉ። ሥራው የመናኛ ሥራ ነው። ሳቃቸው ግን መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጋ ይደርሳል።

«ጋሼ ማርሽ!» ይለኛል በራችንን ስንከፍት። «ዛሬስ የሚበላሽ ነገር ተገኘ?»

«እኔ የሠራሁት አይበላሽም!»

«እሱማ አይበላሽም። አንተ ነህ እንጂ ብቻህን ተቀምጠህ የምትበላሸው።»

ባለፈው ወር የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ዓመቷ ደርሶ መጣች። ወንበሯን ጠረግ ጠረግ አደረግኩላት።

«ምንም የለውም አይደል?» አለች ገና ሳትገባ።

«ምንም። ዘይቱን ብቻ ነው። ተቀመጪ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«አይ፣ ትቼልህ ልሂድና ከሥራ ስወጣ እወስደዋለሁ።»

«ወንበር እኮ አለ።»

«ተባረክ። ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም፤ ባልደረቦቼን ሁሉ ወደ አንተ ነው የምልካቸው።» ከሥራ ስትወጣ ወሰደችው። «በል እንግዲህ፣ ለዓመት ያድርሰን!» ብላኝ እንደ በዓል ተሰናብታኝ ሄደች።

በዓመት አንዴ ከሚመጡት ሁሉ ግን ቀን ቆጥሬ የምጠብቀው አንዱን ብቻ ነው፤ የእትዬን ብስክሌት።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተና እማዬ በልብስ ፋብሪካ ፈረቃ ትገባ ስለነበር፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ፣ የገረፈችኝ እሷ፣ ሲገርፉኝ የገላገለችኝም እሷ። እንደ ተጣደ ወተት ቱግ ስለምል «ቱጌ» የሚል ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ አዋላጅ ነርስ ነበረች። የዋና አዋላጅነቱን ሹመት ያገኘች ጊዜ በገዛ እጄ ብስክሌት ሠራሁላት፤ አረንጓዴ፣ ባለ ስምንት ማርሽ፣ ማርሹ ሞዞው ውስጥ የተዘጋ። ከሠራኋቸው ሁሉ እንደሱ የለም።

አሁን አንነጋገርም። አራት ዓመታችን ነው። ብስክሌቱ ግን ይመጣል። ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያው ሰኞ ሱቄን ልከፍት ስመጣ፣ በሬ ፊት ካለው የመብራት እንጨት ጋር ታስሮ አገኘዋለሁ። ከቁልፎቹ አንዱ በፖስታ ሆኖ በበሩ ሥር ገብቷል። ፖስታው ላይ አንድ ፊደል የለም። ዘይቱን እቀይራለሁ፣ ፍሬኑን አያለሁ፣ እወለውላለሁ፣ ቁልፉን የኮርቻው ቦርሳ ውስጥ ከትቼ እዚያው እንጨት ላይ መልሼ አስረዋለሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ የለም። ምሳዬንም ሆን ብዬ አስረዝማለሁ። አራት ዓመት የተገናኘነው በዚህ መንገድ ነው።

ብስክሌቱ ደግሞ ያወራል፤ ለሚያውቅበት። ዘይቱ ሲጠቁር ብዙ ነድታለች። የፊት ፍሬኑ ሲያልቅ የቁልቁለቱን መንገድ ይዛለች። አንድ ዓመት መሪው ላይ የሕፃን ካልሲ ተጠምጥሞ አገኘሁ፤ እጀታው ተልጦ ኖሮ። እጀታውን ቀየርኩት፣ ካልሲውን አጥቤ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። በዓመቱ ካልሲው አልነበረም። ያን ያህል አወራን።

ዘንድሮ ዝናቡ አቆመ። ሰኞ መጣ፤ እንጨቱ ባዶ ነው። ማክሰኞም ባዶ ነው። በሳምንቱ ሳቂታው እንኳ መሳለቁን ተወ። እንጨቱን ሳይ ውዬ እንጨቱን ሳይ እመሻለሁ። በመካከላችን የቀረው ያ ብስክሌት ብቻ ነው፤ እሱ ካልመጣ ምንም የለም።

የተጣላንበትን ነገር እንደሆነው እነግራችኋለሁ፤ ለራሴ ሳላደላ።

እማዬ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያን ቀን ሐኪሙ «ሰው ካላችሁ ጥሩ» አለኝ። ለእትዬ ደወልኩ። ከምትሠራበት ማዋለጃ ሆስፒታሉ ድረስ በብስክሌት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ዝናብ ነበር፤ ታክሲ የሚባል ነገር የለም። ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። የኮርቻ ቦርሳዋ ውስጥ ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ ትርፍ ካላማዳሪ አለ፣ መፍቻ አለ፣ ትንሽ መንፊያም አለ። ሁሉንም የከተትኩላት እኔ ነኝ። ጎማውን እንዴት እንደምታወጣም ሦስት ጊዜ አሳይቻታለሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ላይ ተንበርክካ ጎማውን የያዘውን ዳዶ ታገለችው፤ አልፈታ አለ። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። ስትደርስ እማዬ ካረፈች ሩብ ሰዓት ሆኗታል።

ኮሪደሩ ላይ አክስታችን አለች፣ የአጎታችን ልጆች አሉ። እትዬ ከእግር እስከ ራሷ ርሳለች፤ የጣቶቿ አንጓ ተልጦ ይደማል። «ዳዶው አልፈታ አለኝ» አለች። 

እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንኳ የተሟገትኩት ለብስክሌቱ ነበር። «ሦስት ጊዜ አሳይቼሻለሁ» አልኳት በሰው ፊት። «ብታውቂበት ኖሮ ትደርሺ ነበር።»

 አይታኝ አለፈችና ወደ እማዬ ገባች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን ለመረከብ መታወቂያዬን ልወስድ ሱቅ ሄጄ መሳቢያዬን ሳብኩ። መፍቻው እዚያ ነበር።

ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት በፊት በከተማው ጎማ የሚሰርቅ ሌባ ተነስቶ ነበር። እኔም የእትዬን ተራ ዳዶዎች አውጥቼ የሌባ ዳዶ ገጠምኩላት። የሌባ ዳዶ ጎኑ ክብ ነው፤ የትኛውም መፍቻ አይነክሰውም። የሚፈታው አብሮት በሚመጣው በገዛ መፍቻው ብቻ ነው፤ አውራ ጣት የምታክል፣ አፏ አበባ የመሰለች ቁራጭ ብረት። «መፍቻው ቦርሳሽ ውስጥ አለ» ብያት ነበር። አልከተትኩትም። ረስቼ ነው እላለሁ፤ ግን እውነቱን ከተናገርን፣ ከእኔ በቀር ያንን ሞዞ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር። ስለዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ማስቀመጡ ለእጄ ቀለለው። እሷ ዝናብ ላይ ቦርሳዋ ውስጥ ያገኘችው ተራውን መፍቻ ነው፤ ያሳየኋትም በእሱ ስለነበር ያጠፋችው እሷ መሰላት።

መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁት። ቀብሩ ላይ ዝም አልኩ። ከቀብር በኋላም ዝም አልኩ። ለአንድ የማርሽ ጥርስ በአደባባይ የምሟገት ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰባት ቀን፣ ሰባት ወር፣ አራት ዓመት አቃተኝ። በመጀመሪያው ዓመት ብስክሌቱ እንጨቱ ላይ ታስሮ ሳገኘው የሌባ ዳዶዎቹን ፈትቼ ተራ ዳዶ አሰርኩበት። በዚህ ተሸፋፍኖ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ብስክሌቱ መጣ።

ወደ ሱቅ አስገባሁት። ሰቅዬ፣ የሞዞዋን ትንሽ ብሎን ፈትቼ፣ ዘይቱን በሲሪንጅ ሳብኩ። የወጣው ዘይት ማር ይመስላል። ጥቁር አይደለም፣ ደፍራሽ እንኳ አይደለም፤ አምና እኔው የጨመርኩት ዘይት ነው፣ ማንም ሳይነካው። ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። ጎማውን አየሁ። አምና አዲስ ነበር የገጠምኩላት፤ አዲስ ጎማ ላይ ያለው የላስቲክ ፀጉር በግራና በቀኝ ሙሉ ነው። መሀሉ ብቻ ትንሽ ተበልቷል።

ዓመቱን ሙሉ አልነዳችውም።

ደሜ ፈላ። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ገዝታለች። የውጭ ማርሽ ገዝታ፣ የእኔን ለመሳለቂያ አምጥታ በሬ ላይ አስራዋለች። ሲሪንጁን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻገርኩ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ።

«ለእህቴ ብስክሌት ሸጠህላታል?» አልኩት ሳቂታውን።

«ሰላምታ የለም እንዴ ጋሼ ማርሽ? መርፌ ይዘህ ነው እንዴ የምትመጣው?»

«የጠየቅኩህን መልስልኝ!»

«ቀስ፣ ቀስ በል። ምንም አልሸጥኩላትም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አየሁት። «እሷ መንዳት ካቆመች ቆየች እኮ። ጉልበቷ ነው። ዛሬ በማለዳ እየገፋች መጣች። ያን ብስክሌት እንደ ምርኩዝ ነው የምትይዘው። እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ግማሽ ሰዓት አርፋ፣ ከዚያ ነው ሄዳ ያሰረችው።»

«እየገፋች? ከቤቷ?»

«ከቤቷ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ አለች። ሐኪም ቤት ተኝታ ስለነበር ነው የዘገየችው መሰለኝ።»

ከተቀመጡት አንዱ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ «የማይነዳ ብስክሌት ምን ይጠገናል ብዬ ጠይቄያት ነበር» አለ።

«ምን አለችህ?»

«‹ዓመቱ ደረሰ› አለች። በቃ።»

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ወንበሯ ላይ፣ ማንም ባልተቀመጠባት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሲሪንጁ ውስጥ ያለውን ዘይት እንደገና አየሁት። ብስክሌት የማይነዳ ሰው ዘይት አያስቀይርም። ዘንድሮ የመጣችው በምን ጉልበት እንደሆነ ተነግሮኛል፤ ከርሞ ያ ጉልበት ላይኖር ይችላል። ከርሞ እንጨቱ ባዶ ሊሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ።

ዘይቱን መልሼ ጨመርኩት። ምንም ነውር የለበትም። መሳቢያዬን ከፍቼ የሌባ ዳዶውን መፍቻ ኪሴ ከተትኩ፣ ሱቁን ዘጋሁ፣ ብስክሌቱን ወደ እትዬ ቤት ነዳሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማርሹ እንደ ሐር ነው የሚገባው። ይህን ሳስተውል በራሴ ተናደድኩ።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ቤቷ በሯ ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አንሶላ ተሰጥቷል። እትዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ዘርግታ፣ ጉልበቷ ላይ ፎጣ ጠምጥማለች። ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ይህን ዘይቱ አልነገረኝም።

«ማነው?» አለች በአንሶላው ማዶ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ቱጌ ነኝ።»

ጉልበቷ ላይ ያለውን ፎጣ አስተካከለች። ከዚያ «እንጨቱ ላይ ብታስረው ይበቃ ነበር» አለች።

«እየገፋሽ እንደመጣሽ ነገሩኝ።»

«ያ ሳቂታ ነው? አፉ አያርፍም። ይሁን፣ እሱስ ወንበር ሰጠኝ።»

ቱግ ልል ነበር፤ እኔም ወንበር አለኝ ልላት። ዋጥ አደረግኩት። ኪሴ ገብቼ መፍቻውን አወጣሁና ደረጃው ላይ፣ አጠገቧ አስቀመጥኩት። ያሰብኩት ንግግር ነበረኝ፤ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ የመጣሁት። አንዱም አልመጣልኝም።

«የዳዶው መፍቻ ነው» አልኩ። «ያን ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳሽ ውስጥ አለ ያልኩሽ ውሸት ነው። ያለሱ ማንም አይፈታውም፤ እኔም ብሆን አልፈታውም ነበር።»

መፍቻውን አነሳችው። አገላበጠችው።

«ኮሪደሩ ላይ ስናገርሽ አላወቅኩም ነበር» አልኩ። «ያወቅኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ካወቅኩ በኋላ ግን ይኸው አራት ዓመት።»

«እኔ ደግሞ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ካወቅኩ። የመጀመሪያው ዓመት ከሱቅህ ስወስደው ዳዶዎቹ ተቀይረው አየኋቸው። ያላዘዝኩህን። አንተ ያልታዘዝከውን ነገር የምትሠራው ስትደብቅ ብቻ ነው። ልጅ ሆነህም ብርጭቆ ስትሰብር ስባሪውን አጥበህ ነበር መደርደሪያ ላይ የምትመልሰው።»

«አውቀሽ ነው ዓመት ዓመት የምታመጪው?»

«ታዲያ ለዘይት መስሎሃል? ዘይት የሚቀይር ማዋለጃው በር ላይ አለ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!» ድምፄ ከፍ አለ፤ አልቻልኩም።

«አትጩህብኝ። ምን አጥፍቼ ነው ተናጋሪዋ እኔ የምሆነው?»

አንሶላው ነፋስ ይዞት ወደ እኛ መጣና ተመለሰ።  ክርክር ላይ ተረትቼ አላውቅም ነበር።

«አንድ ዓመት ሙሉ ግን» አለች ቀስ ብላ፣ «እውነትህን መስሎኝ ነበር። ብታውቂበት ኖሮ ትደርሺ ነበር ያልከኝን። እጄን እያየሁ አድር ነበር። ስንቱን ልጅ ያወጣ እጅ አንድ ዳዶ አቃተው ብዬ።» መፍቻውን በጣቷ እያሻሸች «ጥዬው ብሮጥ ደግሞ እደርስ ነበር» አለች። «መንገድ ዳር ጥዬው። አልጣልኩትም። ቱጌ የሠራልኝ ነው ብዬ ነው ስገፋው የቆየሁት።»

 መሬት መሬት አየሁ።

«ያቺ የበተንካት አሥራ ሁለት ገጽ መጽሐፍህ አለችኝ» አለች ደግሞ። «ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ጎማ ሲተነፍስ ማንም ሰው በቀላሉ ፈትቶ ያወጣዋል ብለሃል። ማንም ማን ነው?»

«እኔ» አልኩ። «ማንም ያልኩት እኔን ነው።»

አንገቷን ነቀነቀች። ከደረቷ ላይ የነርስ ሰዓቷን ፈታች፤ ያቺ የሰው ትርታ የምትቆጥርባት፣ ተገልብጣ የምትንጠለጠለው። «ፍታው» አለችኝ።

«አሁን?»

«አሁን። ካላማዳሪውን አውጥተህ፣ መልሰህ፣ ጎማውን እስክትገጥም። እኔ እቆጥራለሁ።»

ብስክሌቱን ገለበጥኩት። ማርሹን ወደ ቁጥር አንድ አድርጌ የማርሹን ገመድ አላላሁ፣ ከመያዣው አወጣሁ፣ ሁለቱን ተራ ዳዶዎች ቦርሳው ውስጥ ባለው መፍቻ ፈታሁ። ከዳዶዎቹ ሥር ካሉት ቀለበቶች ቢጫው ሮንዴላ የቀኝ ነው፣ ቡናማው የግራ፤ በየጎናቸው አስቀመጥኳቸው። ካላማዳሪውን ስቤ አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ፣ ነፋሁት፣ ጎማውን አስገባሁ፣ አጠበቅኩ። ማርሹን አራት ላይ አድርጌ ሞዞው ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ውስጥ ያሉት ሁለት ቀይ መስመሮች መግጠማቸውን አየሁ። ተነሳሁ።

ሰዓቷን አየች። 

«ዘጠኝ ደቂቃ» አለች።

ዘጠኝ ደቂቃ። ሁለታችንም የዚያን ቀኑን ሒሳብ እናውቃለን። ማናችንም አላሰላነውም፤ ማለት ጮክ ብለን።

ከዚያ ሰዓቷን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ጉልበቷ ቀርቅሮ ያዛት፤ ልደግፋት ስል በክርኗ ገፋችኝ። ኩርሲ ስባ ብስክሌቱ አጠገብ ተቀመጠች። «በል ቁጠር» አለች።

ገመዱን ለማላላት ማርሹን ወዴት እንደምታደርግ አስታወሰች። ሦስት ጊዜ ያሳየኋት ጠፍቶ አልጠፋም። ዳዶዎቹን ፈታች። ሮንዴላዎቹን ግን ጭኗ ላይ አንድ ላይ አኖረቻቸው፣ ተደባለቁ። ጎማውን መልሳ ስታስገባ ቢጫውን ሮንዴላ ለግራ አነሳች። አየሁት። አፌ ተከፈተ። ዕድሜ ልኬን የተሳሳተ ሮንዴላ አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ከጭኔ ሥር ቀበርኩትና ጥርሴን ነከስኩ።

አጠበቀችው። ማርሹን አራት ላይ አደረገች። መስኮቷን አየች፤ መስመሮቹ ተላልፈዋል።

«ተሳስቻለሁ አይደል?»

«አዎ።»

«አትንገረኝ።»

«አልነግርሽም።»

እንደገና ፈታችው። ሮንዴላዎቹን በሁለት እጇ ይዛ አየቻቸው፣ ጥርሳቸውን ከዘንጉ ጋር ለካች፣ ለካችና ለዋወጠቻቸው። ላቧ በጉንጯ ይወርዳል። አንሶላዎቹ ደርቀው መንቀሳቀስ አቁመዋል። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱ ቀይ መስመሮች አንድ ሆኑ።

«ገጠመ?»

«ገጠመ።»

«ስንት ሆነ?»

ነገርኳት።  እጇን ፎጣው ላይ ጠረገች፣ ሰዓቷን ተቀበለችኝ፣ ደረቷ ላይ መልሳ ሰካችው። የሌባ ዳዶውን መፍቻ አንስታ የልብሷ ኪስ ውስጥ ጣለችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

«ጎማው ንፋስ እንዳያመልጠው ሰኞ መጥተህ እይልኝ» አለችኝ ብቻ፣ በሩ ላይ።

በደንብ የተገጠመ ጎማ በአራት ቀን ውስጥ ንፋሱ መታየት እንደማያስፈልገው ገጽ አሥር ላይ ጽፌያለሁ፤ በቁጥር አስደግፌ። ተከራክሬ አሸንፋታለሁ።

«እሺ እትዬ» አልኩ።

ብስክሌቱን እሷ ጋ ትቼ በእግሬ ተመለስኩ። በደህና ጉልበት እንኳ ረጅም መንገድ ነው፤ ግማሹ ዳገት ነው፣ የሚቀመጡበት ነገር የለውም። ሳቂታው ሱቁን ሊዘጋ አግዳሚውን ሲያስገባ ደረስኩ።

«ጋሼ ማርሽ! በእግርህ? ብስክሌቱ የት ገባ?»

«ቤቱ» አልኩት፤ አግዳሚውን በአንዱ ጫፍ ያዝኩለትና አብረን አስገባነው።